ሞተር ሲቀየር ቬንትሌተሩስ?

የቤንዚን ሞተር አውጥቶ ናፍጣ የሚያስገባ ባለመኪና ስለ ካምቢዮውና ስለ ሞተር መቀመጫው ሲጨነቅ ይከርማል፤ ቬንትሌተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተገኘው ይገጠማል። ጉዱ የሚወጣው መኪናው ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ በሚያወጣው መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሲገባ ነው። በቱሉ ዲምቱ ገብቶ ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ ሲነዳ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋሱ ስለሆነ ቬንትሌተሩ ብዙም ሥራ የለውም። ስለዚህ ቬንትሌተር የሚመረጠው ለቆመ መኪና ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ቬንትሌተር በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ውሃም ክፍት ዕቃ ውስጥ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደህና የራዲያተር ክዳን 0.9 ባር ግፊት ከያዘ መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ የላላ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ያስቀራል። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ብዙ ጊዜ የሚነሳው በ95 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ ክዳኑ ያረጀ መኪና ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሳ ሊፈላ ይችላል። ቬንትሌተር ከመግዛት በፊት ክዳን መቀየር ርካሽ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ በዚህ ከፍታ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ሙቀቱም ጥቂት ይቀንስለታል፤ ባለ ቱርቦው ይህ እፎይታ የለውም።

ቦታ ካለ የሚመረጠው ሞተሩ ይዞት የመጣው፣ በቺንጋ የሚዞረው ቬንትሌተር ነው። በቶዮታ 3ኤል ናፍጣ ላይ ቬንትሌተሩ የውሃ ፓምፑ ላይ ይቀመጣል፤ መሐላቸው ሲሊኮን ዘይት የያዘ ክላች አለ። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ክላቹ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ከሱማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ክላቹን ዙሪያውን ማየት አለበት፤ ዘይት ያዛበትና ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲገፋ እንደ ልቡ የሚሽከረከር ከሆነ አልቋል።

ችግሩ አዲሱ ሞተር ከራዲያተሩ መሐል ሳይገጥም ሲቀር ነው። በዚህ ምክንያት ቬንትሌተሩን የሚከበው የራዲያተር ፕላስቲክ ሽፋን ሲወልቅ፣ ቬንትሌተሩ ራዲያተሩን አልፎ የሚመጣውን አየር ትቶ በጠርዙ የሞተሩን ሙቅ አየር እየመለሰ ያሽከረክራል። ሽፋኑ ተቆርጦም ቢሆን መመለስ አለበት፤ የቬንትሌተሩ ምላጭ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ይሁን። ናፍጣ ሞተር ስለሚንቀጠቀጥ በምላጩና በሽፋኑ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል።

ቦታው ከጠበበ ኤሌክትሪኩ ይገጠማል፤ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ አየር የሚስበው ከፊት ሆኖ ከሚገፋው ይሻላል። በ12 ቮልት 20 አምፔር የሚወስድ ቬንትሌተር 240 ዋት ነው፤ ማታ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ ሲጨመር የአሮጌ መኪና ዲናሞ ይከብደዋል። ሪሌ፣ ወፍራም ሽቦና ባትሪው አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ ግዴታ ናቸው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገላበጡ ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ ዞሮ ከነፋሱ ጋር ይጋፋል። ሾፌሩ በእጁ የሚያበራው ማብሪያ ብቻ ያለው ደግሞ አንድ ቀን ይረሳል፤ ዋጋውም ቴስታታ ነው።

ተገጥሞ ሲያልቅ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ይሞቅ። ቬንትሌተሩ ሲይዝ ከራዲያተሩ ፊት የተጠጋ ወረቀት ተስቦ ካልተለጠፈ ሽፋኑና አቅጣጫው እንደገና ይታያሉ።