ስምንት ደቂቃ፦ የሲሜሉዌ ደሴት መንደሮች ከሱናሚ እንዴት ተረፉ?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 (ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም.) በኢንዶኔዢያዋ የሱማትራ ደሴት አጠገብ በተነሣው ርዕደ መሬትና እርሱ ባስከተለው ሱናሚ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ባሉ 14 አገሮች 230,000 ያህል ሰዎች አልቀዋል። ከነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሱማትራ ሰሜናዊ ጫፍ በምትገኘው የአቼ ግዛት ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከርዕደ መሬቱ መነሻ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትጀምር ሲሜሉዌ የምትባል ደሴት አለች። በወቅቱ 78,000 ያህል ሕዝብ ይኖርባት ነበር። በዚች ደሴት በሱናሚው የሞቱት ሰዎች ሰባት ብቻ ናቸው።

ለአደጋው እጅግ የቀረቡት ሰዎች ከሩቆቹ ይልቅ የተረፉት በምን ምክንያት ነው? ጥያቄው ለፊዚክስ ተማሪ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ሞገዱ እንዴት እንደተፈጠረና እንደተጓዘ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው በእጁ ያለችውን ጥቂት ጊዜ በምን ላይ እንደሚያውላት መመርመር ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በየተራ እንመለከታለን።

የደሴቲቱ ኑሮ

ሲሜሉዌ ከሱማትራ ምዕራባዊ ዳርቻ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውቅያኖሱ ገባ ብላ የምትገኝ ሲሆን፣ ርዝመቷ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋና ከተማዋ ሲናባንግ ትባላለች። ከዋናው ምድር ወደ ደሴቲቱ የሚጓዝ ሰው በአብዛኛው በመርከብ ሌሊቱን ሲጓዝ ያድራል፤ ማዕበሉ ሲበረታ ደግሞ ጉዞው ይቋረጣል። ሕዝቡ ዓሣ በማስገር፣ ኮኮናትና ቅርንፉድ በማልማት፣ የውኃ ጎሽ በማርባት ይተዳደራል። አብዛኞቹ መንደሮች በባሕሩና በኮረብታው መካከል ባለ ጠባብ ሜዳ ላይ የተሠሩ ናቸው።

ይህ አቀማመጥ ሁለት ውጤቶች አሉት። በችግር ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ረዳት ቶሎ አይደርስም። በአንጻሩ መሸሸጊያ የሚሆነው ከፍታ ከብዙዎቹ ቤቶች ጓሮ ብዙም አይርቅም።

ሞገዱ እንዴት ተወለደ?

የምድር ቅርፊት ፕሌት ተብለው ከሚጠሩ ሰፋፊ ቁራጮች የተሠራ ነው። ከሱማትራ በስተ ምዕራብ የሕንድ ውቅያኖስን ወለል የተሸከመው ፕሌት ሱማትራን ከተሸከመው ፕሌት ሥር በዓመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ይሰርጋል። ሁለቱ በሰበቃ ተያይዘው ስለሚቆዩ የላይኛው ፕሌት ጠርዝ እንደ ተለመጠ ዘንግ ቀስ በቀስ ይጎብጣል። መያያዣው ሲላቀቅ ጠርዙ ተፈናጥሮ ወደ ላይ ይነሣል። በ2004 እ.ኤ.አ. መላቀቁ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም መስመር የተከናወነ ሲሆን፣ የርዕደ መሬቱ መጠን 9.1 ነበር። የባሕሩ ወለል በድንገት ሲነሣ በላዩ ያለውን ውኃ ሁሉ አብሮ አነሣው። ያ የተነሣ ውኃ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲወርድ ሱናሚ ይሆናል።

ሱናሚ ነፋስ ከሚያነሣው ማዕበል በባሕርዩ ይለያል። የነፋስ ማዕበል የውኃውን የላይኛውን ክፍል ብቻ ያናውጣል። ሱናሚ ግን ከወለል እስከ ገጽ ያለውን ውኃ በሙሉ ያንቀሳቅሳል። የሞገዱ ርዝመት ከባሕሩ ጥልቀት እጅግ ስለሚበልጥ ፍጥነቱ በአንድ ቀላል ቀመር ይገኛል፦

ፍጥነት = √(የስበት ሽምጠጣ × የውኃው ጥልቀት)

የስበት ሽምጠጣ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ጥልቀቱን 4,000 ሜትር ብንወስድ ፍጥነቱ በሰከንድ 198 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 713 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም የመንገደኞች አውሮፕላን ፍጥነትን የሚቃረብ ነው።

ስሌታችን ትክክል መሆኑን የምናረጋግጥበት ማስረጃ ከአገራችን ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ከርዕደ መሬቱ መነሻ እስከ ጎረቤታችን ሶማሊያ የባሕር ጠረፍ ያለው ርቀት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ለ713 ብናካፍለው ሰባት ሰዓት እናገኛለን። ሞገዱ በሃፉን አካባቢ የደረሰውም ከሰባት ሰዓት ያህል በኋላ ነበር። በሶማሊያ ጠረፍ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። በኬንያ ግን ባለሥልጣናት ዜናውን ሰምተው የባሕር ዳርቻዎችን ስላስለቀቁ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጊዜ ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

ወደ ዳርቻው ሲቀርብ

ከርዕደ መሬቱ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ጄሰን-1 የተባለችው ሳተላይት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስታልፍ የለካችው የሞገድ ከፍታ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በጥልቁ ባሕር በመርከብ የሚጓዝ ሰው እንዲህ ያለውን ሞገድ ልብ ሳይለው ያልፈዋል። ጥልቀቱ 10 ሜትር በሆነበት ስፍራ ግን በቀመራችን መሠረት ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከፊት ያለው ሲዘገይ ከኋላ ያለው ይደርስበታል፤ ጉልበቱም በአጭር ርዝመት ውስጥ ስለሚታመቅ ውኃው ወደ ላይ ያድጋል። ጥልቀቱ ከ4,000 ወደ 10 ሜትር ሲቀንስ ከፍታው በዚህ ምክንያት ብቻ አራት እጥፍ ተኩል ያህል ይጨምራል። የባሕር ወሽመጦች ቅርጽ ደግሞ ይበልጥ ሊያሳድገው ይችላል።

ውኃው በሰከንድ 5 ሜትር ብቻ ቢፈስ እንኳ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከአንድ ቶን በላይ ክብደት ካለው ሸክም ጋር ይስተካከላል። በውስጡ የተሰበረ ግንድና የቤት ፍራሽ ይጓዛል። ስለሆነም የዋና ችሎታ በዚህ ሰዓት ረዳት አይሆንም፤ የሚያድነው ከፍታ ነው።

ስሞንግ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1907 ሲሜሉዌ በርዕደ መሬትና በሱናሚ ተመትታ ብዙ ሕዝብ አልቆባት ነበር። ባሕሩ በሸሸ ጊዜ በደረቁ ወለል ላይ የቀሩትን ዓሦች ለመልቀም የወረዱ ሰዎች ውኃው ሲመለስ እንደወሰዳቸው ይተረካል። ከዚያ የተረፉት ሰዎች ነገሩን «ስሞንግ» ብለው ሰየሙት። አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው በተረትና በዜማ ሲያስተላልፉት ኖሩ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ ምድር በኃይል ከተናወጠ፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ ሳትዘገይ ወደ ኮረብታ ሩጥ።

ከ97 ዓመታት በኋላ፣ በአካባቢው አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ምድር ተናወጠች። በሰሜናዊቷ የላንጊ መንደር ሰዎች «ስሞንግ!» እያሉ ተጠራሩ። መናወጡ በቆመ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሞገዱ ደረሰ። በዚያ አካባቢ የውኃው ከፍታ ከ10 እስከ 15 ሜትር ይገመታል። የላንጊ ቤቶች እስከ መሠረታቸው ተጠርገው ሄዱ። ከ800 ያህል ነዋሪዎች ግን አንድም ሰው አልሞተም።

የስምንት ደቂቃን ትርጉም በስሌት እንመልከት። ሕፃን ያዘለች እናት ወይም አዛውንት የሚደግፍ ጎልማሳ በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ቢራመድ በስምንት ደቂቃ 720 ሜትር ይሄዳል። በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት 30 ሜትር ለመውጣት 300 ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። መንገደኛችን ወደ ዳገቱ ሥር ለመድረስም 300 ሜትር ቢቀረው፣ በጠቅላላው 600 ሜትር ይጓዛልና ይተርፋል። ይኸው ሰው ልብስ፣ ገንዘብና እህል ለመሰብሰብ አምስት ደቂቃ ቢያጠፋ ግን የሚቀረው ጊዜ የሚያስኬደው 270 ሜትር ብቻ ነው፤ ውኃው ገና ሜዳው ላይ ያገኘዋል። የስሞንግ ትምህርት ይህን ሒሳብ ያለ ቁጥር ያስተማረ ነው። የላንጊ ሰዎች ቤትና ንብረታቸውን ለውኃው ትተው ነፍሳቸውን አተረፉ።

የተለወጠው ምድር

ከኮረብታው የተመለሱት ሰዎች ያገኙት የቀድሞውን ዳርቻ አልነበረም። በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ምድሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ስለነበር፣ በውኃ ሥር ይኖር የነበረው ኮራል ከባሕር ወጥቶ ደርቆ ሞተ። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2005 ደግሞ መጠኑ 8.6 የሆነ ሌላ ርዕደ መሬት ተነሥቶ የደሴቲቱን ደቡባዊ ክፍል በተራው ከፍ አደረገ። ቤትን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ የማስገሪያ ስፍራ ያለቦታው ሲገኝ ግን ኑሮን ከአዲስ ዳርቻ ጋር ማስማማት ግድ ይሆናል።

የምልክቶቹ ወሰን

ይሁንና የስሞንግ ምልክቶች ሁልጊዜ አይታዩም። ባሕሩ አስቀድሞ የሚሸሸው የሞገዱ ረባዳ ክፍል ቀድሞ በሚደርስበት ዳርቻ ነው፤ ጉብታው በሚቀድምበት ስፍራ ውኃው ሳይሸሽ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 በመንታዋይ ደሴቶች የተነሣው ርዕደ መሬት መናወጡ ለዘብተኛ ነበር። የመላቀቁ ሂደት አዝጋሚ ስለነበር ብዙ ሰው ለመሸሽ የሚያበቃ ሥጋት አልተሰማውም፤ ሱናሚው ግን ከ400 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዲሴምበር 2018 ደግሞ የአናክ ክራካታው እሳተ ገሞራ ጎን ተንዶ ባሕር ውስጥ ሲገባ፣ አስጠንቃቂ መናወጥ ሳይሰማ ሱናሚ ደርሶ ከ400 በላይ ሕይወት ጠፍቷል።

ኢንዶኔዢያ እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቁማለች። ይህ ሥርዓት ለሩቅ ዳርቻዎች ታላቅ ጥቅም አለው። ለቅርብ መንደር ግን መረጃው ተሰብስቦ፣ ተሰልቶና ተላልፎ እስኪደርስ ከስምንቱ ደቂቃ ብዙው ያልፋል። ስለዚህም በዚያ አገር ለሕዝብ የሚሰጠው ምክር የመናወጡን ርዝማኔ የሚመለከት ሆኗል፦ መናወጡ 20 ሰከንድ ከቆየ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ከ20 ሜትር ወደማያንስ ከፍታ ውጣ። ይህ ምክር ለዘብተኛ ነገር ግን ረዥም የሆነውን መናወጥ ስለሚያካትት ከመንታዋይ የተገኘውን ትምህርት ይዟል።

የሲሜሉዌ ሰዎች የሞገዱን ቀመር አልተማሩም ነበር፤ ቀመሩ የሚያዘውን ግን ያውቁ ነበር። በሶማሊያ ጠረፍ ሰባት ሰዓት ነበረ፣ ቃሉ አልደረሰም። በላንጊ የነበረው ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቃሉ ግን ከ97 ዓመት በፊት ደርሶ ነበር።