የጣሪያ ድንኳን መኪናችሁ ላይ ልትገጥሙ ነው? መጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች እወቁ

#ማብራሪያ

ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። መኪናዋ ሐይቅ ዳር ቆማለች፣ ጣሪያዋ ላይ ድንኳን ተዘርግቷል፣ መሰላል ወርዷል፣ ከላይ የተቀመጡት ልጆች ቡና ይጠጣሉ። ያምራል። ቪዲዮው የማያሳየው ግን ድንኳኑ እዚያ ሐይቅ ድረስ በምን ታስሮ እንደሄደ ነው።

ዛሬ የምናየው ይሄንን ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ፖርቶ መጋላ የጣሪያ ድንኳን ይችላል ወይ? ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ መልስ የለም። ነገሩ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር የሚያልቅ ነው።

🔹 የጣሪያ ድንኳን ምንድን ነው?

ታጥፎ መኪና ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲፈለግ የሚዘረጋ፣ ውስጡ ፍራሽ ያለው ድንኳን ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ የሸራ ድንኳን ነው፤ ሲዘረጋ ግማሹ ከመኪናዋ ውጪ ይወጣና በመሰላሉ ይደገፋል። ሁለተኛው ከላይና ከታች ጠንካራ ክዳን ያለው፣ እንደ ሳጥን የሚከፈት ነው።

በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ድንኳን የተገጠመላቸው ባለ 4 ጎማ ነጂ መኪኖችን ተከራይቶ መጓዝ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ መሬቱ ቢረጥብ፣ ድንጋይ ቢበዛው፣ ማታ ጅብ ቢመጣ እናንተ ከላይ ናችሁ።

ክብደቱስ? ለሁለት ሰው የሚሆኑት ብዙዎቹ ከ45 እስከ 90 ኪሎ ድረስ ይመዝናሉ። ማለትም አንድ ትልቅ ሰው ጣሪያችሁ ላይ አስራችሁ እንደመሄድ ነው። ይሄን ነገር ያዙት።

🔹 "ፖርቶ መጋላ አለኝ" ማለት ብቻ ለምን አይበቃም?

ብዙ መኪኖች ጣሪያቸው ላይ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች አሏቸው። ድንኳን ግን በቀጥታ በእነሱ ላይ አይቀመጥም። ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጡ አግዳሚ ብረቶች ያስፈልጉታል። አንዳንድ መኪና ከነአግዳሚው ይመጣል፤ ብዙው ግን ረጃጅሞቹን ዘንጎች ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው፣ አግዳሚው ለብቻው ይገዛል።

አንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ ዘንጎቹ ጌጥ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ፖርቶ መጋላ ይመስላሉ እንጂ ዕቃ እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ድንኳን መምረጥ ሳይሆን የመኪናዋን ማኑዋል ከፍቶ የጣሪያ ጭነት የሚለውን ገጽ መፈለግ ነው። እኛ አገር የገቡ ያገለገሉ መኪኖች ማኑዋል ጃፓንኛ ወይም ዐረብኛ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ያኔ በሞዴሉና በተመረተበት ዓመት ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። የጎረቤት መኪና "ተመሳሳይ ናት" ተብሎ አይገመትም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያየ ዓመት መኪኖች የተለያየ ገደብ ሊኖራቸው ይችላል።

🔹 ሁለቱ ቁጥሮች

እዚህ ጋር ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጣሪያ ሁለት የክብደት ገደብ አለው።

▪️ መኪናዋ እየሄደች የምትሸከመው
▪️ መኪናዋ ቆማ የምትሸከመው

ሁለተኛው ሁልጊዜ ይበልጣል፣ ያውም በብዙ። ለምሳሌ ሱባሩ አውትባክ ዊልደርነስ የምትባለው መኪና እየሄደች የተፈቀደላት 100 ኪሎ ገደማ ሲሆን ቆማ ግን ወደ 318 ኪሎ ነው። አዲሱ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ደግሞ እየሄደ እስከ 168 ኪሎ፣ ቆሞ እስከ 300 ኪሎ ይችላል። እነዚህ ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ብዙ የቤተሰብ መኪኖች ግን እየሄዱ የሚፈቀድላቸው 75 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች ነው።

"ሁለት ሰው ሲተኛበት ጣሪያው አይሰምጥም ወይ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። የቆመች መኪና ጣሪያ ከምታስቡት በላይ ጠንካራ ነው። በአሜሪካ የደኅንነት ደንብ መሠረት የቀላል መኪኖች ጣሪያ መኪናዋ ብትገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ የባዶ መኪናዋን ክብደት 3 እጥፍ የሚሆን ግፊት መቋቋም አለበት። እናንተና ጓደኛችሁ ተኝታችሁ የምትጨምሩት 140 ኪሎ ቢሆን ነው።

ችግሩ ያለው እንቅልፉ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። መኪና ሲሄድ ክብደት ባለበት አይቀመጥም። ፍሬን ስትይዙ 60 ኪሎው ወደ ፊት ይገፋል። ስትታጠፉ ወደ ጎን ይስባል። ጎማችሁ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ያው 60 ኪሎ ለቅጽበት እንደ 120፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆኖ ብሎኖቹን ይጎትታል። ይሄ አንዴ ሳይሆን በአንድ ጉዞ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል።

ንፋስም አለ። የንፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። በ60 ስትነዱ ዝም ያለ ድንኳን፣ አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 120 ስትገቡ 4 እጥፍ ይገፋል ማለት ነው። እዚያ ፍጥነት ላይ የተፈታ ድንኳን ከኋላ ለሚመጣው መኪና ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ድንኳን ሻጭ "ይሄ መኪና 300 ኪሎ ይችላል" ካላችሁ ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት፦ "ቆሞ ነው እየሄደ?"

🔹 ሒሳቡ እንዲህ ነው

ከሚሄደው ገደብ ላይ ጣሪያ ላይ ያለውን ሁሉ ቀንሱ። አግዳሚውን፣ ድንኳኑን፣ ውስጡ የተዋችሁትን ብርድ ልብስና ትራስ፣ ሁሉንም።

የጣሪያዋ ገደብ 75 ኪሎ የሆነ መኪና እንውሰድ፦

▪️ አግዳሚ ብረቶች 6 ኪሎ
▪️ ድንኳን 55 ኪሎ
▪️ ብርድ ልብስና ትራስ 6 ኪሎ

ድምሩ 67 ኪሎ። 8 ኪሎ ተርፏል፣ አልፏል።

አሁን ባለቤቱ "ለጥንቃቄ" ብሎ ብየዳ ቤት ሄደና ወፍራም የብረት ፖርቶ መጋላ አሠራ እንበል። ብረቱ 30 ኪሎ ሆነ። 30 ሲደመር 55 ሲደመር 6፣ ድምሩ 91 ኪሎ። ገደቡን በ16 ኪሎ አለፈ።

አያችሁ? ጠንካራ ብረት ማስበየድ የጣሪያውን አቅም አይጨምርም። እንዲያውም ብረቱ ራሱ ጭነት ነው። የብየዳ ባለሙያው ሥራ ቢያምርም፣ ብረቱ ሰው ቢያስቆምም፣ የሚያርፍበት ላሜራና የታሰረበት ብሎን ያው የፋብሪካው ነው።

ደንቡ ይሄ ነው፦ የጣሪያው፣ የረጃጅሞቹ ዘንጎች፣ የአግዳሚውና የማሰሪያው ገደብ ለየብቻ ይታያል፤ ከሁሉም ትንሹ ቁጥር የእናንተ ቁጥር ነው። ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት ነው።

🔹 ኮረኮንች ሲሆንስ?

እስካሁን ያልነው ለአስፋልት ነው። አንዳንድ የፖርቶ መጋላ አምራቾች መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ የተፈቀደው ክብደት በሲሶ እንዲቀነስ ይጽፋሉ። አግዳሚው አስፋልት ላይ 75 ኪሎ ከሆነ ኮረኮንች ላይ 50 ነው ማለት ነው። ከላይ ያለፈው 55 ኪሎ ድንኳን አሁን ወደቀ።

ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ካምፕ የምንወጣባቸው ብዙ ቦታዎች የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች አስፋልት አይደሉም። ወደ ባሌ ሳነቴ አምባ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ከፍታው ወደ 4,000 ሜትር ነው፤ መንገዱ ኮረኮንች፣ ሜዳው ገላጣ ነው። ንፋሱንም አስቡት።

አስጎብኚዎች የሚነዷቸውን ሃርድቶፕ ላንድ ክሩዘሮች አይታችሁ "እነሱስ ይጭኑ የለ?" ልትሉ ትችላላችሁ። እነዚያ መኪኖች ጣሪያቸው ጠርዝ ላይ በግራና በቀኝ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ጠንካራ ከንፈር አላቸው። ፖርቶ መጋላው እዚያ ላይ በብዙ እግሮች ይነክሳል፣ ክብደቱም ይከፋፈላል። የእናንተ መኪና ጣሪያ ለስላሳ ከሆነና አግዳሚው በ4 ነጥብ ብቻ የሚያርፍ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ጣሪያችሁን ቀና ብላችሁ እዩት። የብዙዎቹ መስታወት ነው። ጭራሽ ጭነት የማይፈቀድላቸው አሉ። የሚፈቀድላቸውም ቢሆኑ ድንኳኑ የሚፈጥረው የንፋስ መጎተት በአንድ ቻርጅ የምትሄዱትን ርቀት ይቀንሳል።

🔹 ሒሳቡ ካለፈ፣ አገጣጠሙ

1. በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። እያንዳንዱ ድንኳን የሚፈልገው ርቀት አለው፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል። በጣም ከተቀራረቡ ድንኳኑ ፊትና ኋላ ይወዛወዛል።

2. ድንኳኑ የሚከፈትበትን አቅጣጫ ወስኑ። መሰላሉ በጎን ነው በኋላ የሚወርደው? የኋላውን በር ከፍታችሁ ድንኳኑን እንደማይነካ እዩ። አንቴናውንም አትርሱ።

3. ለማንሳት ቢያንስ 3 ወይም 4 ሰው ሁኑ። ሁለት ሆኖ መታገል ወገብም ጣሪያም ይጎዳል።

4. ድንኳኑን መሃል ላይ አስተካክሉ። ወደ አንድ ጎን ካደላ መኪናዋም ታደላለች።

5. ማሰሪያዎቹን በተራ፣ ፊት ግራ፣ ኋላ ቀኝ እያላችሁ አጥብቁ። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ተጠቀሙ። ምን ያህል እንደሚጠብቅ መመሪያው ላይ ቁጥር አለ፤ ጋራዥ ካለው ቶርክ ሬንች በሚባለው ቁልፍ ይለካ። ከልክ በላይ ማጥበቅም ብሎን ይበጥሳል።

6. ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና እንደገና ፈትሹ። አዲስ የታሰረ ነገር ይላላል። ከዚያም ከእያንዳንዱ የኮረኮንች ጉዞ በኋላ በእጃችሁ ነቅንቁት። መኪናዋ ከተነቃነቀች ጥሩ ነው፣ ድንኳኑ ብቻውን ከተነቃነቀ አትሂዱ።

🔹 መንገድ ላይና ካምፕ ላይ

መኪናዋ ከአሁን በኋላ የድሮዋ መኪና አይደለችም። ክብደቷ ወደ ላይ ስለወጣ ጥምዝ ላይ በቀላሉ ትዘማለች፣ የመገልበጥ ዕድሏም ይጨምራል። ፍጥነት ቀንሱ፣ ከፊታችሁ ካለው መኪና ርቀት ጠብቁ፣ መሪ በድንገት አትጠምዝዙ። ቁመቷም ጨምሯል። ከፍታዋን ለክታችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት፤ ምድር ቤት ፓርኪንግ ከመግባታችሁ በፊት በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ።

ካምፕ ስትደርሱ ሜዳ ቦታ ምረጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። በመሰላል የሚደገፍ ድንኳን ከሆነ መሰላሉ ጠንካራ መሬት ላይ በደንብ መቆሙን ሳታዩ ማንም አይውጣ። ውስጥ ደግሞ ምንም ዓይነት እሳት፣ ከሰልም ሆነ ቡታ ጋዝ፣ አይገባም። ብርዱ ቢበረታም አይገባም።

🔹 ሒሳቡ ካላለፈስ?

አይገጠም። ለሁለት ሰው የሚሆን ጥሩ የመሬት ድንኳን 3 ወይም 4 ኪሎ ነው፣ ሻንጣ ቤት ውስጥ ይገባል። ፒካፕ ያለው ሰው ደግሞ ድንኳኑን ከጣሪያው አውርዶ በኋላ ባለው መጫኛ ላይ በሚሠራ ፍሬም መግጠም ይችላል፤ ክብደቱም ዝቅ ይላል፣ የጣሪያው ገደብም አይነካም።

ድንኳን የመግዛት ሐሳብ የሌላችሁም ብትሆኑ ሒሳቡ የእናንተም ነው። ቤት ስትቀይሩ ፖርቶ መጋላ ላይ የሚወጣው ሶፋ፣ ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ከሚኒባሱ በላይ የሚደረደረው ጆንያ፣ በጣት የሚያህል ገመድ የታሰረው ፍራሽ፣ ሁሉም በዚያው ሕግ ነው የሚገዛው። ረዳቱ "ይችላል፣ ይችላል" ሲል እያወራ ያለው ስለቆመው መኪና ነው። እናንተ ግን የምትሳፈሩት በሚሄደው ነው።