የናፍጣ ፊልትሮ በድሬዳዋ፦ ተረቱና እውነታው

የናፍጣ ፊልትሮ ከታንክ ወደ ፖምፓ የሚሄደውን ነዳጅ ከአቧራ፣ ከዝገትና ከውሃ የሚያጠራ ዕቃ ነው። በአሮጌ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር፣ ሚኒባስና አይሱዙ ላይ ያለው ፖምፓ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋበት ውስጠኛ ብረት የሚለሰልሰው በዚያው በሚያልፍበት ናፍጣ ነው። በብረቱና በተቀመጠበት ጉድጓድ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ለዓይን የማይታይ ትቢያ እዚያ ሲገባ እንደ ሞረድ ይሠራል። አንዴ የተበላ ፖምፓ የሚጠገነው ልዩ መለኪያ ማሽን ባለው ባለሙያ ሲሆን ወጪውም የብዙ ፊልትሮዎችን ዋጋ ያህላል። በድሬዳዋ ጋራዦችና በመናኸሪያው አካባቢ ስለ ፊልትሮ የሚነገሩት እምነቶች አብዛኞቹ ፖምፓውን ይረሳሉ።

በብዛት የሚሰማው «ፊልትሮ ይታጠባል» የሚለው ነው። አሮጌው ፊልትሮ ተፈቶ ቤንዚን ውስጥ ይነከራል፣ ይወዘወዛል፣ ከዚያ በጎሚስታ ኮምፕሬሰር ይነፋል። ጥቁር ፈሳሽ ሲወጣለት የጸዳ ይመስላል። የፊልትሮው ውስጥ ግን በሙጫ የተጠናከረ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ወረቀት ነው፤ ቆሻሻውን ከገጹ አልፎ በውፍረቱ ውስጥ ይይዛል። የኮምፕሬሰሩ ግፊት ወረቀቱ በሥራ ላይ ከሚያገኘው እጅግ ስለሚበልጥ ይሰነጥቀዋል፣ ወይም ትቢያውን ወደ ንጹሑ ወገን ያሻግረዋል። መኪናው ከእጥበቱ በኋላ ቀለል ብሎት መሄዱ እውነት ነው፤ የተቀደደ ወረቀት ነዳጅ አይከለክልም፣ ቆሻሻም አያስቀርም። እምነቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በአንዳንድ ቀደምት የናፍጣ ሞተሮች ላይ ከሱፍ ወይም ከጨርቅ የተሠራ፣ እየታጠበ የሚመለስ ማጣሪያ ነበር። ዛሬም ቢሆን የወንፊት ማጣሪያና ውሃ የሚጠራቀምበት ኩባያ ይታጠባሉ። ወረቀቱ ግን ይለወጣል።

ሁለተኛው እምነት የአገሩን አየር ተገን ያደረገ ነው፦ «ድሬ ሙቀት ነው፤ ናፍጣ ውስጥ ውሃ አይቆይም።» አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ገደማ፣ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ስለሚመዝን ውሃው ታንኩ ስር ይሰጥማል፤ በላዩ የተኛው ነዳጅ ስለሚከድነው በፀሐይ አይተንም። ሙቀቱ እንዲያውም ነገሩን ያባብሰዋል። የሞቀ ናፍጣ ከቀዝቃዛው ይልቅ ብዙ ውሃ በውስጡ አሟሙቶ ይይዛል። ሌሊቱ ሲበርድ፣ ወይም መኪናው የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲያድር፣ ያ ውሃ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። ከዚህ የከፋም አለ። በውሃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያለው ሙቀት በጣም ይስማማቸዋል፤ የድሬ ሙቀት ለእነሱ የተመቸ ነው። ቅሪታቸው ጥቁር፣ የሚያሟልጭ ዝቃጭ ሆኖ የፊልትሮውን እጥፋት ይደፍናል።

ውሃው የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። የጠፋው የታንክ ክዳን በጨርቅ ውታፍ ተተክቶ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይወርድበታል፤ በጄሪካን የተቀመጠ ናፍጣ ከነዝቃጩ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ከሾፌሮች አባባል አንዱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፦ ቦቴ እያራገፈ ባለበት ማደያ ነዳጅ አይቀዳም። የሚወርደው ናፍጣ በማደያው የመሬት ውስጥ ታንክ ስር የተኛውን ውሃና ዝቃጭ ያናውጠዋል፤ እስኪረጋ መታገስ ይሻላል።

ውሃ መኖሩን ማወቅ ከባድ አይደለም። ብዙዎቹ የቶዮታ ፊልትሮዎች ከስራቸው በእጅ የሚላላ ማፍሰሻ አላቸው። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ንጹሕ ሃይላንድ ከስር ተደግኖ ማፍሰሻው ይላላና ከላይ ያለው የእጅ ፖምፓ ጥቂት ጊዜ ይጫናል። ሃይላንዱ ጥላ ስር ግማሽ ሰዓት ሲቀመጥ ነዳጁ ከላይ ቢጫ ሆኖ ይጠራል፤ ውሃ ካለ ከስር ለብቻው ይተኛል፣ ሃይላንዱ ዘንበል ሲል እየተንከባለለ ይሄዳል። ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የፊልትሮ መብራትም የሚናገረው ይህንኑ ውሃ ነው። መብራቱ እንዳያስቸግር ሽቦውን መንቀል ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው፤ ውሃው እዚያው ሆኖ ፖምፓውን ማዛግ ይቀጥላል።

«ጥቁር ጭስ ካወጣ ፊልትሮው ተደፍኗል» የሚለው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ የያዘ ነው። ጥቁር ጭስ የሚመጣው ነዳጅ ሲበዛ ወይም አየር ሲያንስ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ፊልትሮው፣ ቀጥሎም ኢንጀክተሩ ነው። የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ ሞተሩን ነዳጅ ያስርበዋል። ጭስ ሳይበዛ ጉልበቱ ይጠፋል። ይህም በከተማው ሜዳ፣ በከዚራና በሳቢያን መካከል ሲሄድ ላይታወቅ ይችላል፤ በዝግታ የሚሄድ ሞተር የሚፈልገውን ትንሽ ነዳጅ ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮም ያሳልፍለታልና። ፈተናው የሐረር መንገድ ነው። ከ1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ ደንገጎ ድረስ በሚወጣው ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ሳለ መኪናው አልጎትት ካለ፣ ቆም ብሎ ሲያርፍ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ጉልበቱ ከተመለሰ፣ ጥርጣሬው ወደ ናፍጣ ፊልትሮው ይሄዳል። የታንኩ መተንፈሻ ሲደፈንም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ ክዳኑን ከፍቶ መሞከር ገንዘብ ያድናል፤ ክዳኑ ሲከፈት አየር በኃይል ወደ ውስጥ ከተሳበና መኪናው ከተሻለው ጥፋቱ የፊልትሮው አይደለም።

ጥቂት የማይባሉ መካኒኮች «ካላንጠባጠበ አየር አያስገባም» ይላሉ። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ግን ፊልትሮው የተቀመጠው ፖምፓው ነዳጁን ከታንክ በሚስብበት ወገን ነው። እዚያ የላላ ክር ወይም የደረቀ የጎማ ቀለበት ናፍጣ ወደ ውጭ ሳያፈስ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መኪናው ጠዋት ለመነሳት ይቸገራል፣ ከተነሳም ይንተፋተፋል፤ ባለቤቱ በባትሪና በማሞቂያ ካንዴላ ላይ ገንዘቡን ያወጣል። በነዳጁ መስመር ላይ ለሙከራ የሚገባ አጭር ግልጽ ቱቦ አረፋውን ወዲያው ያሳያል።

አገጣጠም ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው አዲሱን ፊልትሮ በመሃሉ ቀዳዳ ናፍጣ ሞልቶ ማሰር ነው። ጠምዝዞ በሚታሰረው ዓይነት ላይ ነዳጅ የሚገባው በዙሪያው ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ሲሆን የመሃሉ ቀዳዳ የተጣራው መውጫ ነው፤ በዚያ የፈሰሰ ናፍጣ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ፖምፓ ይሄዳል። የተሻለው ባዶውን አስሮ በእጅ ፖምፓው መሙላት ነው። ሁለተኛው ስህተት በቁልፍ ማጥበቅ ነው። የጎማ ቀለበቱ ናፍጣ ተቀብቶ፣ ከነካ በኋላ በእጅ የአንድ ዙር ሦስት አራተኛ ያህል ሲጠብቅ ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈ ቀለበቱን ያጣምመውና ከላይ የተባለውን አየር ያስገባል። አየሩ የሚወጣው የፊልትሮው ራስ ላይ ያለው ብሎን ላልቶ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪመጣ የእጅ ፖምፓው ሲጫን ነው። ይህን ትቶ ሞተሩን በረጅሙ ማዞር ሞተሪኖውን ያቃጥላል።

ለቤንዚን መኪና የተሠራው ትንሽ ግልጽ የፕላስቲክ ፊልትሮ የዋናውን ቦታ አይተካም፤ ወንፊቱ ሰፊ ነው፣ ውሃም አይለይም። ከዋናው በፊት ሊገባ የሚችለው እንደ ተጨማሪ ብቻ ነው። «ፊልትሮና ኢንጀክተር እንዲያጸዳ» ተብሎ ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ የነዳጁን ልስላሴ ቀንሶ ፖምፓውን በደረቁ ያስፈጨዋል።

መቼ ይለወጥ ለሚለው፣ ብዙዎቹ የአምራች መመሪያዎች ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ያለውን ያስቀምጣሉ፤ አቧራ ለሚበዛበት መንገድ ግማሹን መያዝ ይመከራል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው በማይሠራ አሮጌ መኪና ላይ የተለወጠበትን ቀን በማርከር በፊልትሮው ቆርቆሮ ላይ መጻፍ ይቻላል። የወጣው ፊልትሮም ከመጣሉ በፊት በመጋዝ ተቆርጦ ወረቀቱ ቢዘረጋ ብዙ ይነግራል፦ ቀይ ቡናማ ዱቄት የታንክ ዝገት ነው፣ ጥቁር የሚያሟልጭ ነገር የተሕዋስያኑ ዝቃጭ ነው፣ ደቃቅ ግራጫ አሸዋ በክዳን ወይም በጄሪካን የገባ አቧራ ነው። አዲስ ፊልትሮ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከተደፈነ ሌላ ፊልትሮ መግዛት ሳይሆን ታንኩን አውርዶ ማጠብ ያስፈልጋል።