ውኃን ከጥሩ፤ ዓርማን ከባለቤቱ

«ነገርን ከሥሩ፤ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን ሲተርቱ። ይህ ብሂል ለዳኝነት ሸንጎ ብቻ የተነገረ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፤ ለማተሚያ ቤት ደጃፍም የሚሠራ መሆኑን ዛሬ ልናጫውተው እንወዳለን።

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅንበት ዓመት የምረቃው ኮሚቴ አባል ነበርን። ለበዓሉ ገንዘብ የረዳንን አንድ ድርጅት ለማመስገን ዓርማውን ሦስት ሜትር ስፋት ባለው ባነር ላይ ልናሳትም ቃል ገባን። ከድርጅቱ ድረ ገጽ ትንሿን ምስል ቀድተን ለማተሚያ ቤቱ ላክን። በስልካችን ላይ ስናያት እንደ አደይ አበባ ታምር ነበር። ባነሩ ሲዘረጋ ግን ዓርማው ዳርና ዳሩ እንደ ድንጋይ ካብ ተሸራርፎ፤ መካከሉም ጉም እንደ ለበሰ ተራራ ደብዝዞ ተገኘ። የድርጅቱ ተወካይ በክብር እንግድነት መጥተው ባነሩን አየት አድርገው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከተግሣጽ ይከብድ ነበር።

«ጋሼ፤ ምን ነካው? መኪናው ተበላሽቶ ነው?» ብለን አታሚውን ብንጠይቃቸው፤ «መኪናው ምን በወጣው፤ ልጄ! የሰጣችሁኝን ነው ያተመው» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ያቺ ምስል ወርዷ 300 ነጥብ፤ ማለት 300 ፒክስል ብቻ ነበር። 300 ነጥብ በ3 ሜትር ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዷ ነጥብ 1 ሳንቲ ሜትር ታክላለች። በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ኅትመት በ1 ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ይፈለጋል፤ ራቅ ብሎ ለሚታይ ባነር 100 ያህል ይበቃል። 3 ሜትር 118 ኢንች ስለሆነ፤ የእኛ ዓርማ ወርዱ 11,800 ነጥብ ያህል መሆን ነበረበት ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር የሚገላግል ሌላ ዓይነት ፋይል አለ፤ ቬክተር ይባላል። ይህ ነጥብ አይቆጥርም፤ መሥመሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚታጠፍ በሂሳብ ይመዘግባል እንጂ። ልዩነቱ የቤት ፎቶግራፍና የቤት ፕላን እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በስም ካርድም ሆነ በሕንፃ ግድግዳ ላይ ያው ጥራቱ አይለወጥም። የፋይሉ ስም በኤ አይ፣ በኢ ፒ ኤስ ወይም በኤስ ቪ ጂ ቢያልቅ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ጄፔግና ፒ ኤን ጂ ግን የነጥብ ምስሎች ናቸው፤ ስማቸውን ቢለውጡት ጠባያቸው አይለወጥም።

እንግዲህ ዓርማ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ወደ ባለቤቱ ይሂድ። የድርጅቱን ሕዝብ ግንኙነት ክፍል «ለኅትመት የሚሆን የቬክተር ፋይል ስጡን» ብሎ ይጠይቅ፤ የቀለሙንም መመሪያ አብሮ ይቀበል። ስልክ ቀለምን በብርሃን ሲያሳይ ማተሚያ ግን በቀለም ጠብታ ስለሚሠራ፤ በስልክ የደመቀው ሰማያዊ በባነር ላይ ሊጠወልግ ይችላል። ፋይሉ ባይገኝ የድርጅቱን ዓመታዊ ሪፖርት በፒ ዲ ኤፍ ከፍቶ ዓርማውን ስምንት እጥፍ ያጉላው፤ ጠርዙ ካልተሸራረፈ ቬክተር ነው፤ በባለቤቱ ፈቃድ ሊወጣ ይችላል። ይህም ካልሆነ ባለሙያ እንደገና ይሣለውና ባለቤቱ አይቶ ያጽድቀው። የተመዘገበ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተጠበቀ ንብረት ነውና፤ እንዳሻው የሚቀጥሉትና የሚቆርጡት አይደለም።

ሁለት ነገር ደግሞ አይረሳ። በቴሌግራም ሲላክ «በፎቶ» ሳይሆን «በፋይል» ይላክ፤ በፎቶ የተላከ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል። የግዕዝ ፊደል ያለበትም ዓርማ ፊደሉ ወደ መሥመር ተለውጦ ይላክ፤ ያለዚያ የፊደሉ ዓይነት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ መልኩ ይለወጣል፤ ባዶ ሣጥንም ሊሆን ይችላል።

ለድርጅት ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለን። ዓርማውን የሣለው ባለሙያ መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ዋናው ፋይል አብሮት የሚሄድ ከሆነ፤ ማኅተሙን ለመንገደኛ አስረክቦ እንደ መቅረት ነው። ፋይሉን እንደ ማኅተም መጠበቅ፤ ለሚጠይቅም ሳያመላልሱ መስጠት ይገባል።

እኛስ የአንድ ቀን ጥያቄ ሰንፈን ውለታ የዋለልንን ሰው በአደባባይ አሳፈርን። ዓርማ የድርጅት ፊት ነው፤ የሰውን ፊት አደብዝዞ ማመስገን ከቶ እንዴት ይሆናል?