የሁለት ሩፒው ፊልም

ኪነ ጥበብ የማንም ወገን አይደለችም የሚለው አባባል ሐሰት መሆኑን ለመረዳት የሕንድን ፊልም መመርመር ይበቃል። በከተሞቻችን የሕንድ ፊልም ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ዘፈኑን፣ ጭፈራውንና አንድ ጀግና ብቻውን መንጋ ወሮበላ የሚረፈርፍበትን ትርኢት ነው። እንዲህ ያለው ፊልም የተመልካቹን ቁጣ ቀስቅሶ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የሚያስተነፍስ በመሆኑ ከሠራተኛው ይልቅ የሚጠቅመው የፊልም ነጋዴውን ነው። በዚያው በሂንዲ ቋንቋ ግን ሌላ ጅረት አለ።

ቢማል ሮይ እ.ኤ.አ. በ1953 ባዘጋጀው «ዶ ቢጋ ዛሚን» ባልራጅ ሳህኒ ሻምቡ የተባለ ድሃ ገበሬ ሆኖ ይጫወታል። ባላባቱ በመሬቱ ላይ ፋብሪካ ሊተከል ስለፈለገ ዕዳውን እንዲከፍል ያስገድደዋል። ሻምቡ ካልካታ ወርዶ እንደ ፈረስ ሰው የጫነ ጋሪ ይጎትታል፤ ገንዘቡ አይሞላም፤ መሬቱም ያመልጠዋል። የአርሲ ነገሌ ሽማግሌ ይህን ለመረዳት ሂንዲ መማር አያሻውም። እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ በአርሲ ምድር ጢሰኛው ከምርቱ ለባላባት ሲያካፍል ኖሯል፤ ትራክተር በገባበትም ስፍራ ብዙ ጢሰኛ ተፈናቅሏል። ኃይሌ ገሪማም ይህንኑ የባላባትና የጢሰኛ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» አሳይቶናል።

የገዥዎችን ወንበር የነካ ፊልም ምን እንደሚገጥመው የአምሪት ናሃታ «ኪሳ ኩርሲ ካ»፣ ማለትም «የወንበር ታሪክ»፣ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 በሕንድ በጸናው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ፊልሙ ተወርሶ ተቃጠለ፤ እንደ አዲስ ተሠርቶ በ1978 ለሕዝብ ቀረበ። ሻባና አዝሚ የተጫወተችው ሕዝብን ነው፤ ሕዝቡም ዲዳ ነው!

ከሁሉ ይልቅ የማኅበር አባላትን የሚመለከተው ግን የሽያም ቤኔጋል «ማንታን» ነው። ቃሉ መናጥ ማለት ነው፤ ቅቤ ለሚናጥበት አገር ትርጓሜ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1976 ለተሠራው ለዚህ ፊልም 500,000 የጉጅራት ወተት አምራቾች እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ አዋጥተዋል። ፊልሙ ሲወጣም ባለገንዘቦቹ በጭነት መኪና ተጭነው ሊያዩት መጡ።

ታሪኩ ግልጽ ነው። በአምሪሽ ፑሪ የተወከለው የወተት ነጋዴ ገበሬውን በዋጋ ይበድላል፤ ጊሪሽ ካርናድ የሚጫወተው የእንስሳት ሐኪም ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊያቋቁም ይመጣል። ስሚታ ፓቲል ወተቷን ይዛ የምትመጣውን የመንደር ሴት ስትሆን ተዋናይ መሆኗ ይዘነጋል። የፊልሙ ብርታት ጠላትን ውጭ ብቻ አለመፈለጉ ነው። የመንደሩ ሹም ማኅበሩን እንደ ርስቱ ሊይዝ ይከጅላል፤ ምርጫ ሲደረግ ግን ከተናቁት ወገኖች የቀረበው ዕጩ ያሸንፈዋል፤ ሹሙም ተሸናፊ ሆኖ አያርፍም። በስማችን ቆሞ ሊቀ መንበርነቱን ለቤተሰቡ ጥቅም ያዋለ ሰው በየትኛውም አገር ማኅበር አይጠፋምና፣ ከፊልሙ በኋላ ለውይይት የሚቀርበው ይህ ክፍል ሊሆን ይገባል።

በመጨረሻም የተማረው ሐኪም ተዛውሮ ይሄዳል። ማኅበሩን እንደገና የሚያነሣው በናሲሩዲን ሻህ የተወከለው፣ መጀመሪያ ላይ በሐኪሙ ላይ ያኮረፈው የመንደሩ ልጅ ቦላ ነው።