በታዳሚ ፊት የተቀዱ ሙዚቃዎች

የመድረክ ቅጂ፣ በተለምዶ «ላይቭ» የሚባለው፣ ድምፃዊና ሙዚቀኞች በታዳሚ ፊት ሲጫወቱ በዚያው ሰዓት የተያዘ ድምፅ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያልተዋጣ ስንኝ ይደገማል፤ የተሳሳተ የጊታር ምት ተነጥሎ ይታረማል፤ የዘፋኙ ጉሮሮ ከተዘጋ ቀጠሮ ይለወጣል። መድረክ ላይ የወጣ ድምፅ ግን ወጥቷል። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ የመድረክ ቅጂዎች ከስቱዲዮ ሥራ ያንሳሉ። አድማጭ ቀድሞ የሚያውቀውን ዘፈን ትንሽ አፍጥነው፣ ጭብጨባ ጨምረው የሚመልሱ ናቸውና ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አይሰሙም። ዘመን ተሻግረው የሚደመጡት ጥቂቶች የሚለዩት ታዳሚው የጨዋታው ተካፋይ ሆኖ ስለሚሰማባቸው ነው፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ሙዚቃው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀደም ባለው ዘመን ድምፅ በቀጥታ ዲስክ ላይ ይቀረጽ ስለነበርና የአንድ ሸክላ ገጽ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ ይይዝ ስለነበር ኮንሰርት መቅዳት አስቸጋሪ ነበር። ክላሪኔት ተጫዋቹ ቤኒ ጉድማን ጃንዋሪ 16 ቀን 1938 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ያቀረበው የጃዝ ምሽት በዲስክ ተቀርጾ ቢተርፍም ለገበያ የበቃው በ1950 ነው። በመካከሉ ጀርመኖች ያዳበሩት የማግኔት ቴፕ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየአገሩ ተሠራጭቷል፤ በ1948 ደግሞ በአንድ ገጹ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚይዘው ረጅም ሸክላ ወጥቷል። በ1960ዎቹ መጨረሻ እያንዳንዱን መሣሪያ በየራሱ መስመር የሚይዙ ባለ 8ና ባለ 16 ትራክ ማሽኖች መጡ። ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ የተገጠመላቸው የጭነት መኪኖችም አዳራሽ በር ላይ ቆመው መቅዳት ጀመሩ። የታዳሚውን ድምፅ የሚይዙት ማይክራፎኖች ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ለብቻቸው ይተከላሉ። ጭብጨባው የት ላይ ከፍ፣ የት ላይ ዝቅ እንደሚል የሚወሰነው ታዳሚው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ በሚክስ ጊዜ ነው። አድማጭ «እዚያ የነበርኩ መሰለኝ» የሚለው ስሜት ግማሹ የድምፅ ባለሙያው እጅ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሳይ ቅጂ ቢፈለግ የዱክ ኤሊንግተን የኒውፖርት ምሽት ቀዳሚ ነው። በ1956 የኤሊንግተን ኦርኬስትራ ዘመኑ አልፎበታል እየተባለ ይታማ ነበር። ጁላይ 7 ቀን በሮድ አይላንድ በተካሄደው የኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ ባንዱ ዋናውን ክፍለ ጊዜ የጀመረው መሽቶ፣ ከፊሉ ሕዝብ መሄጃውን ማየት በጀመረበት ሰዓት ነው። ኤሊንግተን በ1937 የጻፈውን «ዲሚኑዌንዶ ኤንድ ክሬሼንዶ ኢን ብሉ» የተባለ ሥራ አነሳ። ሥራው ሁለት ክፍል ነው፤ በመካከሉ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንሳልቬስ ብቻውን እንዲጫወት ቦታ ተተወለት። ጎንሳልቬስ አሥራ ሁለት ባር ያለውን የብሉዝ ዙር 27 ጊዜ ዞረበት። ከተወሰኑ ዙሮች በኋላ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት ተነስታ መጨፈር ጀመረች፤ በዙሪያዋ ያለው ሰው ወንበሩን ትቶ ቆመ፤ ከመድረኩ ጥግ ድራመሩ ጆ ጆንስ በተጠቀለለ ጋዜጣ ምቱን እየመታ ባንዱን ያጋግል ነበር። ቴፑ ሲደመጥ የሕዝቡ ድምፅ ከዙር ወደ ዙር እያደገ ይሄዳል። ሳክስፎኑ ግን አይጮህም፤ ያንኑ ትንፋሽ ይዞ ይቀጥላል። እሳቱ ያለው በሪትሙና በሕዝቡ መካከል ነው። ኤሊንግተን በቀጣዩ ወር የታይም መጽሔት ሽፋን ሆነ።

የቅጂው ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መድረኩ ላይ የኮሎምቢያ ኩባንያ ማይክራፎንና የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ማይክራፎን ነበሩ፤ ጎንሳልቬስ የተጫወተው ወደ ሬዲዮው ነው። በኮሎምቢያ ቴፕ ላይ ሳክስፎኑ ከሩቅ የሚመጣ ያህል ደከመ። ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ አቫኪያንና ኤሊንግተን ከሌሎቹ ሥራዎች በርከት ያለውን ስቱዲዮ ገብተው እንደገና ቀዱና ጭብጨባ ተለጠፈበት። አልበሙ በዚያ መልኩ ለአሥርት ዓመታት ተሸጠ። የሬዲዮው ቴፕ በኋላ ተገኝቶ ከኮሎምቢያው ጋር ተጣምሮ ሙሉው ምሽት በ1999 ሲወጣ ጎንሳልቬስ ከ40 ዓመት በኋላ ወደ ፊት ቀረበ።

በሶል ሙዚቃ ዓለም መለኪያው የጄምስ ብራውን የአፖሎ ቅጂ ነው። የኪንግ ሪከርድስ ባለቤት ሲድ ኔታን ሰው የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ደግሞ ማን ይገዛል ብሎ ገንዘብ ስለከለከለ ብራውን 5,700 ዶላር ከኪሱ አውጥቶ ኦክቶበር 24 ቀን 1962 በሃርለም አፖሎ ቲያትር ያቀረበውን ትርኢት አስቀዳ። በ1963 የወጣው አልበም በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ 66 ሳምንት ቆየ። የአልበሙ እምብርት «ሎስት ሰምዋን» ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ በሚቆየው በዚህ ዘፈን ባንዱ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይጠብቃል፤ ብራውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ቃል ይጥላል፤ ከፊት ረድፍ ጩኸት ይመለሳል፤ እሱ ጩኸቱን ሰምቶ ቀጣዩን ይመርጣል። በስቱዲዮ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በማይበልጥ ዘፈን ውስጥ ለዚህ ቦታ የለም። ከሦስት ወር በኋላ ድምፃዊው ሳም ኩክ በማያሚ ሃርለም ስኩዌር ክለብ ያስቀዳው ትርኢት ግን ዕጣው ሌላ ሆነ። የኩክን ለስላሳ ስም ያበላሻል ተብሎ መጋዘን ገባና እሱ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1985 ወጣ። በዚህ ቅጂ ላይ የሚሰማው የሻከረ ድምፅ በስቱዲዮ ሸክላዎቹ ላይ ከቶ አይገኝም።

አሬታ ፍራንክሊን ጃንዋሪ 13ና 14 ቀን 1972 «አሜዚንግ ግሬስ»ን ያስቀዳችው በሎስ አንጀለስ በሚገኝ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ቄስ ጄምስ ክሊቭላንድ ፒያኖ እየተጫወተ መራ፤ ኳየሩ ከኋላ ተቀበለ፤ በሁለተኛው ምሽት አባቷ ቄስ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን ተነስተው ተናገሩ። ምእመናኑ «አሜን» ሲሉ፣ ሲያጨበጭቡ፣ ሲያለቅሱ የሚሰማው እንደ ማጀቢያ አይደለም። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ዘማሪት የምትጀምረውን ሐረግ ጉባኤው ካልመለሰላት መዝሙሩ አልተጠናቀቀም። ርእሱን ለአልበሙ የሰጠው መዝሙር ከ10 ደቂቃ በላይ የቆየው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ተዘርግቶ መልስ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሁለት ሸክላ የሆነው አልበም ከአሬታ ሥራዎች ሁሉ በብዛት የተሸጠ ነው። ምሽቶቹን በፊልም ያነሳው ዳይሬክተር ሲድኒ ፖላክ ግን ምስልና ድምፅ ለማስማማት የሚያገለግለውን የክላፐር ምልክት ስላልተጠቀመ ሁለቱ አልገጠሙለትም። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በዲጂታል መሣሪያ ከተገጣጠመ በኋላ፣ አሬታ በሞተችበት በ2018 ነው።

የታዳሚው ድምፅ ይህን ያህል ዋጋ ካለው መፈብረኩም አይቀርም። ጆኒ ካሽ ጃንዋሪ 13 ቀን 1968 በካሊፎርኒያ ፎልሶም ወኅኒ ቤት ለእስረኞች ዘፍኖ የቀዳው አልበም እውነተኛ ነው፤ እስረኞቹም እውነተኛ ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ ግድያ የሚናገረውን ስንኝ ተከትሎ የሚሰማው ዝነኛ ጩኸት በኋላ የተጨመረ ነው። እስረኞቹ ጠባቂዎች ቆመው እያዩአቸው ለነፍስ ግድያ እልል የሚሉ አልነበሩም። የሳክስፎኒስቱ ካነንቦል አደርሊ በ1966 የተቀዳ «መርሲ፣ መርሲ፣ መርሲ!» ደግሞ ሽፋኑ ላይ ክለብ ውስጥ እንደተቀዳ ቢጻፍበትም የተሠራው ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ስቱዲዮ ነው፤ እንግዶች ተጠርተው መጠጥ ቀርቦላቸዋል። ያም ሆኖ ሙቀቱ አልጎደለም። ሐሰቱ ያለው ሽፋኑ ላይ እንጂ ሰዎቹ በዚያ ክፍል ነበሩ፤ ሙዚቀኞቹም ለእነሱ ነው የተጫወቱት።

ሁሉም ቅጂ በጩኸት አይለካም። ፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ስኮት ላፋሮና ድራመሩ ፖል ሞሺያን እሑድ ጁን 25 ቀን 1961 በኒው ዮርክ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክለብ በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ተጫውተዋል። ምድር ቤት ባለው በዚያ ክለብ የብርጭቆ መጋጨትና የወሬ ሹክሹክታ ከፒያኖው እኩል ይሰማል። ሦስቱ ሙዚቀኞች ማንም እንደማያዳምጣቸው ሆነው እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ላፋሮ ከ11 ቀን በኋላ በመኪና አደጋ በ25 ዓመቱ ስለሞተ ቴፑ የዚያ ጥምረት ማብቂያ ሆነ። የኪት ጃሬት የኮሎኝ ኮንሰርት፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1975፣ በሌላ ችግር የተወለደ ነው። ዝግጅቱን ያሰናዳችው የ18 ዓመቷ ቬራ ብራንደስ ነበረች። የታዘዘው ትልቅ ፒያኖ ሳይመጣ ቀርቶ ኦፔራ ቤቱ ውስጥ የተገኘው ትንሽና የተጎሳቆለ ነበር፦ ላይኛው ድምፁ የሰለለ፣ ታችኛው የደከመ፣ ፔዳሉም በወጉ የማይሠራ። ጃሬት እንቅልፍ ያጣና ጀርባውን የሚያመው ሰው ነበር። በቅድሚያ የተዘጋጀ ዜማ ሳይኖረው ወደ 1,400 ሰው ፊት ተቀምጦ መካከለኛውን የፒያኖ ክፍል ሙጥኝ አለ፤ ግራ እጁ አንድን ሐረግ እየደጋገመ የጎደለውን ቤዝ ሞላለት። ብዙ ሰው የሚወድለት የዚያ ምሽት እንደ ማሕሌት የሚደጋገም ምት ከመሣሪያው ጉድለት የመጣ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያስደንቀው። አልበሙ ከ3.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

የመድረክ ቅጂ አንድን ዘፈን ከስቱዲዮ ወላጁ ሲነጥቅም ይታያል። የቦብ ማርሌይ «ኖ ውማን ኖ ክራይ» በ1974 አልበም ላይ በኤሌክትሮኒክ ድራም የታጀበ አጭር ዘፈን ነበር። በጁላይ 1975 በለንደን ላይሲየም አዳራሽ ሲቀዳ ረጋ ብሎ ወደ ሰባት ደቂቃ ተዘረጋ፤ አዝማቹንም ሕዝቡ ከኦርጋኑ ጋር ጀመረው። ዛሬ በየሬዲዮው የሚሰማው ይኸኛው ነው። ግብፃዊቷ ኡም ኩልሱም ዘንድ ደግሞ የመድረኩ ሥራ ዋናው ነበር። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ በሬዲዮ ይተላለፍ በነበረው ዝግጅቷ አንዱ ዘፈን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችል ነበር፤ ታዳሚው አንድ ስንኝ ይደገም ብሎ ሲጮህ ትደግም ነበር፣ ስትደግም ግን አንድ አይነት አታደርገውም ነበር። የአንድ ዘፈን ብዙ ምሽቶች በየፊናቸው የሚሰበሰቡት ለዚህ ነው።

ይህ ልማድ ለኢትዮጵያ አድማጭ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት ውስጥ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆው እያጀበ ይቀበለዋል፤ ሲያሻው ጠምዝዞ ወደ ወርዋሪው ይመልሰዋል። የዘፈኑ ግጥም ከታዳሚው አፍ የሚወጣ ስለሆነ ይህን ዓይነት ጨዋታ ያለ ታዳሚ መቅዳት ጉዳዩን መሳት ነው። ዘመናዊው ሙዚቃ ሌላ መንገድ ሄደ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ እንደ አምሃ ሪከርድስ ባሉ አሳታሚዎች የወጡት ሸክላዎች ታዳሚ ባይኖራቸውም ባንዱና ድምፃዊው አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ የተጫወቷቸው ናቸው፤ ለመድረክ ያላቸው ቅርበት ከዚህ የመጣ ነው። አይቤክስ ባንድም በ1976 የመሣሪያ ሙዚቃ አልበሙን የቀዳው በየምሽቱ በሚጫወትበት በራስ ሆቴል አዳራሽ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር የሆቴል ታዳሚ እስኪነጋ አዳራሹ ውስጥ ይቆይ ነበር። ባንዶችም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ስለነበር ዋልያስን የመሳሰሉት በዚያ መጠን የተሟሸ ቅንጅት አበጁ። ከዚያ ሁሉ ሌሊት በአግባቡ ተቀድቶ ለገበያ የወጣው እጅግ ጥቂት መሆኑ የአገሪቱ ሙዚቃ ትልቅ ክፍተት ነው። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከተጫወተ ከሦስት አሥርት ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2004፣ የአሜሪካው ኢዘር ኦርኬስትራ ሙላቱ አስታጥቄንና ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያን ጋብዞ በዚሁ ከተማ ያቀረበው ዝግጅት ኢትዮጲክስ የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 20ኛ ቅጽ ሆኖ ወጥቷል። ጌታቸው ሽለላውን በሳክስፎን ሲያነሳ የሚሰማው የታዳሚ ድምፅ ዜማውን የሚያውቅ ሕዝብ ድምፅ ነው፤ ባንዱ በውጭ አገር መድረኮች ይህን ምላሽ አያገኝም።

ብዙ ቴፖች በአጋጣሚ ተርፈዋል። ቴሎኒየስ መንክና ጆን ኮልትሬን ኖቬምበር 29 ቀን 1957 በካርኔጊ አዳራሽ የተጫወቱት የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ቅጂ በ2005 በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሣጥኖች መካከል ተገኘ። የግሬትፉል ዴድ ባንድ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ ኮንሰርቱን ለሚቀዱ አድናቂዎች ለብቻቸው ቦታ ከልሎላቸዋል፤ ቴፑ እስካልተሸጠ ድረስ መለዋወጡ ተፈቅዷል። ሜይ 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተጫወቱት ምሽት ለ40 ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ2017 በይፋ ታተመ። ጁላይ 13 ቀን 1985 ለኢትዮጵያ ረኃብተኞች የተዘጋጀው ላይቭ ኤድ በዲቪዲ የወጣው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ፐርል ጃም በ2000ና በ2001 ከአንድ የጉዞ ፕሮግራሙ ብቻ 72 የኮንሰርት አልበሞችን ሸጠ። ዛሬ ከአንድ ኮንሰርት የሚወጡት የስልክ ቅጂዎች ከዚህም ይበልጣሉ። ድምፃቸው ግን በአብዛኛው የቀዳው ሰው አጠገብ የቆሙት ዘፋኞች ድምፅ ነው።