ያልሳልኩት መስመር

ሬቪት በተባለው የሕንፃ መሳያ ፕሮግራም ላይ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ወለል እየሠራሁ ነበር። ክፍሉ 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው። ሦስቱ ማዕዘኖች ዜሮ ላይ ይቆያሉ፤ አራተኛው የውሃ መውረጃው ያለበት ስለሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ነጥቡን መርጬ ቁጥሩን አስገባሁ። ሶሌታው ዘንበል አለ፤ አብሮት ግን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የተሰመረ፣ እኔ ያልሳልኩት ሰያፍ መስመር ብቅ አለ። ሴክሽን ቆርጬ ሳየው መስመሩ ጌጥ አይደለም፤ ወለሉ እዚያ ቦታ ላይ እውነትም ታጥፏል።

ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም። ሦስት እግር ያለው በርጩማ የትም ቢያስቀምጡት አይነቃነቅም፤ አራት እግር ያለው ግን መሬቱ ካልተስተካከለ ይንገዳገዳል። ሦስት ነጥቦች የትም ቢሆኑ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ያገናኛቸዋል፤ አራተኛው ነጥብ እዚያው ገጽ ላይ የሚያርፈው ልኩ ሲገጥም ብቻ ነው። የእኔው አልገጠመም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ወለሉን ለሁለት ሦስት ማዕዘን ከፈለው፤ መስመሩ የሁለቱ መገናኛ ነው። በስሎፕ አሮው (በዝንባሌ ቀስት) ቢሠራ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር፤ ቀስቱ ሶሌታውን እንዳለ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዘነብለው አራቱም ማዕዘኖች አንድ ገጽ ላይ ይቀራሉ። በአርኪካድ የሚሠሩ ባልደረቦቼ ደግሞ ዘንበል ያለ ወለል ሲያስፈልጋቸው የስላብ መሣሪያውን ትተው ወደ ሩፍ ወይም ወደ ሜሽ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን አራት ማዕዘን ሁለት ሰያፍ አለው፤ ፕሮግራሙ የመረጠው አንዱን ነው። ሌላውን ቢመርጥስ? ስፕሊት ላይን በእጄ እያሰመርኩ ሁለቱንም አየሁ።

መስመሩ ከውሃ መውረጃው ተነስቶ ከፊት ለፊቱ ወዳለው ማዕዘን ሲሄድ፣ የክፍሉ መሃል 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። መስመሩ ሸለቆ ይሆናል፤ የግራና የቀኙ ውሃ ወደ እሱ ይወርድና 10 ሜትር ርዝመቱን በ2 በመቶ ተዳፋት ተከትሎ መውረጃው ውስጥ ይገባል። ሌላኛው ሰያፍ ሲመረጥ ግን የክፍሉ መሃል ዜሮ ነው። ከመውረጃው የራቀው ሦስት ማዕዘን ሦስቱም ጫፎቹ ዜሮ ስለሆኑ ምንም ዝንባሌ የለውም። የወለሉ ግማሽ፣ 24 ካሬ ሜትር፣ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ፕላኑ ላይ የሚጻፉት አራት ቁጥሮች በሁለቱም ያው ናቸው! ቁጥሮቹን ብቻ የሚያይ ሰው የትኛው እንደታሰበ በምንም መንገድ ሊያውቅ አይችልም።

ፕላኑን ይዤ ሳይት ወረድኩ። ፎርማኑ ሶሌታ ሲያስሞሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያገኘሁትን ገና ሳልነግራቸው ፕላኑን አገላብጠው አዩና፣ «ኢንጂነር፣ መሃሉ ስንት ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ቢሆኑ ስንት ያደርጉታል ጋሼ?»

በቃል አልመለሱልኝም፤ ሲባጎ አስመጡ። ሁለቱን ትይዩ ጠርዞች እኩል እኩል ከፋፍለው ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ ዜሮ ላይ ካለው ጠርዝ ወደሚያዘቀዝቀው ጠርዝ ክሩን በየምልክቱ ወጠሩት። እያንዳንዱ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ ከጎኑ ካለው ግን ትንሽ ይበልጥ ያዘቀዝቃል። መሃል ላይ ያለውን ስንለካ 5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከኮምፒውተሩ ሁለት መልሶች አንዱም አይደለም፤ የሁለቱ አማካይ ነው። እሳቸው ምንም እጥፋት የሌለው፣ ቀስ እያለ የሚጠማዘዝ ሦስተኛ ወለል ነው የወጠሩት።

ይህን ገጽ ሂሳብ ሃይፐርቦሊክ ፓራቦሎይድ ይለዋል። ከስፔን ወደ ሜክሲኮ የተሰደደው ፌሊክስ ካንዴላ ዝናውን ያተረፈው በእሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ሶቺሚልኮ ውስጥ የተሠራው የሎስ ማናንቲያሌስ ምግብ ቤት ጣሪያ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገጹ ጠመዝማዛ ቢሆንም ፎርምወርኩ በቀጥተኛ ጣውላ ይገጣጠማል። የፎርማኑ ሲባጎና የካንዴላ ጣውላ አንድ ሥራ እየሠሩ እንደነበር ሳስብ ለሙያው ያለኝ ፍቅር ጨመረ።

እኛ ለመኪና ማቆሚያው ሸለቆውን መረጥን፤ የተጠማዘዘው ወለል ከመውረጃው በራቀው ማዕዘን አካባቢ ዝንባሌው እየሞተ ስለሚሄድ። ሶሌታውን አግድም ትቶ ዝንባሌውን በሊሾ ብቻ ማምጣትም ይቻላል፤ ሬቪት ላይ ከወለሉ ንብርብሮች የአንዱን ውፍረት ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ማድረግ ነው። ግን 20 ሳንቲ ሜትር ሊሾ በካሬ ሜትር 400 ኪሎ ያህል ይከብዳል። ይህን ሁሉ ጭነት ሶሌታው በከንቱ እንዲሸከም ምክንያት አላገኘሁለትም።

ቀጥሎ ወደ መሠረቱ ዞርኩ። ቦታው ከእንጦጦ ግርጌ እንዳለው ሰፈር ሁሉ ተዳፋት ነው፤ የመኪና መውረጃው በ10 በመቶ ያዘቀዝቃል። ሶሌታን የሚያዘነብለው ያው ቀስት መሠረትንም ያዘነብላል፤ ኮምፒውተሩ ለሁለቱም እኩል እሺ ይላል። ጭነቱ ግን እሺ አይልም። በ10 በመቶ ባዘነበለ መሠረት ላይ 60 ቶን የሚሸከም ኮለን ቢቆም፣ 6 ቶን የሚሆነው ኃይል ተዳፋቱን ተከትሎ መሠረቱን ወደ ታች ይገፋዋል። ወለልን የምናዘነብለው በላዩ ያለው ውሃ እንዲሄድ ነው፤ መሠረት የሚቆፈረው ግን ምንም እንዳይሄድ ነው። የአሜሪካው ኢንተርናሽናል ቢልዲንግ ኮድም ድንበሩን እዚሁ ላይ አድርጎታል፦ የመሠረቱ የላይ ገጽ አግድም ይሁን፤ የታችኛው ገጽ ከ10 አንድ በላይ አያዘንብል፤ የመሬቱ ተዳፋት ከዚያ ካለፈ ደረጃ በደረጃ ይሠራ ይላል።

ይህን የወለልና የመሠረት ልዩነት የሚያሳይ፣ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ኮረብታና ሸለቆ የሆነ ሕንፃ ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ሮሌክስ ለርኒንግ ሴንተር። የካዙዮ ሴጂማና የሪዩዬ ኒሺዛዋ ሥራ ነው። 166.5 ሜትር በ121.5 ሜትር የሆነው ሕንፃ ወለሉ ሲነሣና ሲወርድ በሁለት የኮንክሪት ቅርፊቶች ላይ ያርፋል፤ እነሱም በ11 ቅስቶች ላይ ያርፋሉ። ፎርምወርኩ 1,400 ያህል የተለያዩ ቅርጾች ነበሩት። እኔን የያዘኝ ግን ከታች ያለው ነው። ቅስት በእግሮቹ ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ የቅስቶቹን እግር የሚይዙ 70 የተወጠሩ ገመዶች ከመሬት በታች ተቀብረዋል። ላይ ወለሉ እንደ ልቡ የሚነሣውና የሚወርደው ታች ስለታሰረ ነው።

የእኛን መሠረት በደረጃ ሠራነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ 3 ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ አለው። ከላዩ ያለው የመኪና መውረጃ ሶሌታ ግን ቀጥ ብሎ ያዘቀዝቃል። ሴክሽኑን ስቆርጥ በሁለቱ መካከል በየደረጃው አንድ አንድ ሽብልቅ ባዶ ቦታ አየሁ። መውረጃው 6 ሜትር ስለሚሰፋ እያንዳንዱ ሽብልቅ 2.7 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሞዴሉ ሶሌታውን ቆጥሯል፣ መሠረቱን ቆጥሯል፤ ይህን ግን ማንም ስላልሳለው በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሽብልቆቹን ለብቻቸው ሣልኳቸው፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተደለደለ የሚጠቀጠቅ ሙሌት ተብለው ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ፤ ዋጋም ወጣላቸው።